ከገበታው በፊት የተወሰነ ውፍረት

አሪዞና በምትባለው የአሜሪካ ግዛትና ከድንበሩ ማዶ በሜክሲኮዋ ሶኖራ ፒማ እየተባሉ የሚጠሩ ሕዝቦች ይኖራሉ። የአንድ ግንድ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው፤ ከተለያዩ ብዙ መቶ ዓመታት ቢያልፉም የዘር ቅርበታቸው በምርመራ የታወቀ፣ ቋንቋቸውም የሚዛመድ ነው። ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሁለቱን ወገኖች ጤና በአንድ መስፈርት ሲለኩ ያገኙት ልዩነት ግን ዘመዳሞች መሆናቸውን የሚያስረሳ ነበር። ከአሪዞናዎቹ ወንዶች 63.8 በመቶ፣ ከሴቶቹ 74.8 በመቶ የሚሆኑት ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረባቸው። በሶኖራ ተራሮች ማይኮባ በምትባል መንደር አካባቢ ከሚኖሩት ግን ወንዶቹ 6.5 በመቶ፣ ሴቶቹ 19.8 በመቶ ብቻ ነበሩ። የስኳር ሕመም ከአሪዞናዎቹ 38 በመቶውን ሲይዝ፣ ከማይኮባዎቹ የያዘው 6.9 በመቶውን ነው። እነዚህ ቁጥሮች ጎረቤት አገሮች በውፍረት ለምን እንደሚለያዩ ለሚጠይቅ ሰው ከማንኛውም ንድፈ ሐሳብ የበለጠ ይናገራሉ። አንድ ሕዝብ ድንበር ሲከፍለው፣ የአንደኛው ወገን አካል የሌላኛውን የማይመስል ሆኖ ተገኝቷል።

በእኛ ዘንድ ውፍረት ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰጠዋል። አንዳንዱ የምቾትና የተሳካ ኑሮ ምልክት ያደርገዋል፤ ወፍሮ ያገኘነውን ወዳጅ «ተስማምቶሃል» እንለዋለን፣ ቦርጭም የደላው ሰው ማዕረግ ይመስለናል። ሌላው ደግሞ የሆዳምነትና የስንፍና ውጤት ነው ብሎ ይፈርዳል። ሁለቱ ፍርዶች ተቃራኒ ቢመስሉም ጉዳዩን የግለሰቡ ብቻ በማድረግ ይስማማሉ፤ ያደለው ወፈረ፣ ወይም ራሱን መግዛት ያቃተው ወፈረ። እኔ የምከራከረው ሁለቱም ስተዋል ብዬ ነው። አንድ ሰው ከወንድሙ ለምን እንደወፈረ ባሕርዩና ተፈጥሮው ሊያስረዱን ይችላሉ። የአንድ አገር ሕዝብ ከጎረቤቱ ሕዝብ ለምን እንደወፈረ የሚያስረዳን ግን ምግብ የሚመረትበት፣ የሚሸጥበት፣ ዋጋ የሚወጣለትና የሚተዋወቅበት ሥርዓት ነው። ይህን ሥርዓት ሰዎች ሠርተውታል፤ መንግሥታት በቀረጥ፣ በድጎማና በደንብ ይቀርጹታል። ስለዚህ የውፍረት ጉዳይ ከገበታው ይልቅ በሕግ ማውጫው አዳራሽና በንግድ ሚኒስቴር ጠረጴዛ ላይ ቀድሞ ይወሰናል።

የፒማዎቹ ታሪክ ራሱ ይህን ያሳያል። የአሪዞናዎቹ በሂላ ወንዝ ዳር በመስኖ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ የሚያመርቱ ብርቱ ገበሬዎች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከወንዙ በላይኛው በኩል የሰፈሩ ነጭ ገበሬዎች ውሃውን እየጠለፉ ሲወስዱት ማሳቸው ደረቀ፣ ረሃብ ገባ። በኋላ የመንግሥት ዕርዳታ መጣላቸው፤ ከዕርዳታው ውስጥ ዋነኞቹ ነጭ ዱቄት፣ ስኳርና የአሳማ ስብ ነበሩ። እርሻው ሲቀር የዕለት የጉልበት ሥራውም አብሮ ቀረ። የማይኮባዎቹ ግን የራሳቸውን በቆሎ፣ ባቄላና ድንች በእጃቸውና በከብት ጉልበት እያረሱ ቀጠሉ። ከአሪዞናዎቹ ፒማዎች መካከል ውሃው እንዲወሰድ የመረጠ፣ ወይም የዕርዳታውን ዓይነት የወሰነ የለም። የማይኮባዎቹም ከዘመዶቻቸው በላይ ጨዋና ቁጥብ ስለሆኑ አይደለም ቀጭን ሆነው የቆዩት። ለዚህ ማረጋገጫው ተመራማሪዎቹ ከ15 ዓመት በኋላ በ2010 ወደ ማይኮባ ሲመለሱ ያዩት ነው። መንገድ፣ መብራት፣ መኪናና ሱቅ ገብቷል፤ ውፍረትም በፒማዎቹም ሆነ ፒማ ባልሆኑት ጎረቤቶቻቸው ላይ ጨምሯል። ያን ሁሉ ዘመን የጠበቃቸው የኑሯቸው አያያዝ ነበር፤ ኑሮው ሲለወጥ ጥበቃውም ላላ።

ከመንደሮቹ ወጥተን አገሮቹን ብናይ ነገሩ ይሰፋል እንጂ አይለወጥም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካ አዋቂዎች 15 በመቶ ያህሉ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረባቸው፤ በ2018 ግን 42 በመቶ ደርሰዋል። በሜክሲኮ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች በ1988 ከልክ በላይ የወፈሩት ከ10 በመቶ ያነሱ ነበሩ፤ በ2012 ከሦስት ሴቶች አንዷ ሆነዋል። በአንድ ትውልድ ዕድሜ የሕዝብ ዘር አይለወጥም፤ የሚሊዮኖች ፈቃደ ልቦናም በአንድ ጊዜ አይላላም። በእነዚያ ዓመታት የተለወጠው ገበያው ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለበቆሎ እርሻ የሚሰጠው ድጋፍ በቆሎን አርክሶ ከእሱ የሚሠራውን ጣፋጭ ሽሮፕ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎች ሁሉ ርካሽ ግብዓት እንዲሆን አገዘ። በ1994 የሰሜን አሜሪካ የነጻ ንግድ ስምምነት ሲጸና ሸቀጡም፣ የምግብ ኩባንያዎቹ ገንዘብም ገደቡ እየተነሳ ወደ ሜክሲኮ ፈሰሰ፤ ለስላሳው ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ያልደረሰበት መንደር ሁሉ ደረሰ። በሰሜን በኩል ካናዳ የደረሰባት ደግሞ ተለክቷል። በስምምነቱ መሠረት በማጣፈጫ ሽሮፕ ላይ የነበረው ቀረጥ ሲነሳ፣ ለአገሪቱ የሚቀርበው የማጣፈጫ መጠን በነፍስ ወከፍ በቀን 40 ኪሎ ካሎሪ ያህል መጨመሩን በ2017 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ይህን ጭማሪ ያመጣው የካናዳውያን ጠባይ መለወጥ ሳይሆን በቀረጥ ሰነድ ላይ የተሰረዘ አንድ መስመር ነው።

በቅርብ ርቀት የሚተያዩት እንግሊዝና ፈረንሳይም ሌላ ትምህርት ይሰጣሉ። በእንግሊዝ በ2019 ከአዋቂዎች 28 በመቶ፣ በፈረንሳይ በ2020 17 በመቶ ከልክ ያለፈ ውፍረት እንደነበረባቸው የየአገሮቹ ጥናቶች ያመለክታሉ። ሁለቱም ሀብታም ናቸው፣ በሁለቱም መኪናና ሊፍት ሞልቷል፣ በሁለቱም ቀዝቃዛ ክረምት ሰውን ቤት ያውላል። የሚለያዩት በምግብ ሥርዓታቸው ነው። ከ1991 እስከ 2008 በ19 የአውሮፓ አገሮች የተሰበሰቡ የቤተሰብ ሸመታ መረጃዎችን ያነጻጸረ ጥናት፣ ብሪታንያውያን ለቤታቸው ከሚገዙት ካሎሪ ግማሽ ያህሉ እጅግ ከተቀነባበረ የፋብሪካ ምግብ የሚመጣ ሲሆን የፈረንሳውያኑ 14 በመቶ ብቻ እንደሆነ አግኝቷል። ከዚህ በስተጀርባ ሕግ አለ። ብሪታንያ በ1980 ባወጣችው የትምህርት ሕግ የትምህርት ቤት ምሳ ሊያሟላ የሚገባውን የምግብ ይዘት መስፈርት አነሳች፤ መስፈርቱ የተመለሰው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ፈረንሳይ በአንጻሩ በ2005 ጣፋጭና መጠጥ የሚሸጡ ማሽኖችን ከትምህርት ቤቶች አስወጣች፤ በ2011 የትምህርት ቤት ምሳን ይዘት በደንብ ወሰነች፤ በ2012 በለስላሳ ላይ ታክስ ጣለች፤ በ2017 በአንድ ዋጋ ለስላሳን ያለ ገደብ መቅዳትን ከለከለች። በወጉ ተቀምጦ የመብላት ልማድ የፈረንሳውያን ባህል ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ባህል ራሱ ጠባቂ ይፈልጋል፤ እነሱ ጠባቂውን በሕግ አቁመውለታል።

የፋብሪካ ምግብ ሰውን የሚያወፍረው እንዴት ነው ለሚለው ጥያቄ ጥሩ ማስረጃ የተገኘው በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በተደረገ ሙከራ ነው። ሃያ ሰዎች በተቋሙ ውስጥ ተቀምጠው ለሁለት ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ ቀረበላቸው። የቀረበው የካሎሪ፣ የስኳር፣ የስብና የአሰር መጠን በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ነበር፤ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉም ተፈቀደላቸው። የተቀነባበረው በቀረበበት ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ፤ በሁለት ሳምንትም አንድ ኪሎ ገደማ ጨመሩ። ሌላው ሲቀርብላቸው ያንኑ ያህል ቀነሱ። እነዚያው ሰዎች፣ በዚያው ፈቃዳቸው፣ ምግቡ ሲለወጥ አበላላቸው ተለወጠ። ለማኘክ የማያስቸግር፣ ቶሎ የሚዋጥ፣ ጨውና ስኳሩ ተመጥኖ ምላስን እንዲስብ የተዘጋጀ ምግብ የመጥገብ ስሜት ሳይደርስ ያልቃል። እንግዲህ በአንድ አገር ይህ ዓይነቱ ምግብ የዕለት ቀለብ ሆኖ በሌላው የአልፎ አልፎ ብቻ ከሆነ፣ በሁለቱ አገሮች ሰዎች አካል ላይ ልዩነት ባይታይ ነበር የሚደንቀው።

ለዚህ ክርክር የሚቀርቡ ተቃውሞዎች አሉ፤ መመለስም ይገባቸዋል። የመጀመሪያው የአለካክ ነው። የፈረንሳዩ ቁጥር ሰዎች ራሳቸው ከተናገሩት ክብደት የተወሰደ ሲሆን የእንግሊዙ በሚዛን የተለካ ነው፤ ሰው ደግሞ ሲጠየቅ ክብደቱን ቀንሶ መናገር ይወዳል። ክብደትን ከቁመት ጋር እያነጻጸረ የሚለካው ስሌትም ቢሆን ጡንቻን ከስብ አይለይም፤ የጃፓንና የሌሎች እስያ አገሮች ሐኪሞች የስኳር ሕመም በአነስተኛ ክብደት ስለሚጀምርባቸው ዝቅ ያለ ወሰን ይጠቀማሉ። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ ስለዚህም ቁጥሮችን እስከ ነጥቧ እያነጻጸሩ መፎከር አይገባም። ነገር ግን የአለካክ ልዩነት ጥቂት ነጥቦችን ያጠብባል እንጂ እንደ ፒማዎቹ ያለውን፣ በአንድ መለኪያ የተገኘ፣ በወንዶቹ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ርቀት አያጠፋውም። በአንድ አገር ውስጥ በአንድ ዓይነት ዘዴ ሲለካ የታየውን የሜክሲኮን ጭማሪም ሐሰት አያደርገውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ዘር ነው፤ ሦስተኛው ሀብት። ዘር በውፍረት ላይ ብርቱ ድርሻ እንዳለው የመንትዮች ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ያ ድርሻ ግን በአንድ ዓይነት ገበያ ውስጥ ከሚኖሩ ሰዎች ማን ቀድሞ እንደሚወፍር ይናገራል እንጂ ገበያው ሲለወጥ ሕዝቡ በሙሉ ለምን እንደሚከብድ አይነግረንም። ሀብትም እንዲሁ ብቻውን መልስ አይሆንም። ጃፓን ሀብታም ናት፤ በዓለም አቀፉ ወሰን ሲለካ ከልክ በላይ የወፈሩት አዋቂዎቿ ከ100 ሰው አምስት ያህል ብቻ ናቸው። ግብፅ ከፈረንሳይ እጅግ ደሃ ናት፤ በ2018 እና 2019 በመላ አገሪቱ በተካሄደው የጤና ምርመራ ዘመቻ ከተመዘኑት ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎች 39.8 በመቶ ከልክ በላይ የወፈሩ ሆነው ተገኝተዋል። በዚያች አገር ለአሥርተ ዓመታት በድጎማ እጅግ የረከሰው ዳቦ ነው፤ ስኳርና ዘይትም በድጎማ ካርድ ይታደሉ ነበር፤ አትክልቱና ሥጋው ግን በገበያ ዋጋ ነበሩ። ሀብት የሚሠራው በዋጋ በኩል ነው። በደሃ አገሮች መጀመሪያ የሚወፍሩት ከተሜውና ባለ ገንዘቡ ሲሆኑ፣ በሀብታም አገሮች ደግሞ ደሃው ከባለ ጸጋው ይበልጥ የሚወፍረው ለዚህ ነው፤ በየቦታው ርካሹ ምግብ ምን እንደሆነ ይለያያልና።

አራተኛው ተቃውሞ፣ ሰው እንቅስቃሴ ስለተወ ነው የወፈረው የሚለው ነው። የማይኮባ ፒማዎች ከአሪዞናዎቹ ይልቅ ብዙ የጉልበት ሥራ ይሠሩ እንደነበር ጥናቱ ራሱ መዝግቧል፤ እንቅስቃሴ ለልብ፣ ለደም ግፊትና ለስኳር ሕመም መከላከያ መሆኑንም የሚክድ የለም። ግን ውፍረትን በእንቅስቃሴ ማነስ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። በታንዛኒያ እያደኑና ሥራ ሥር እየቆፈሩ የሚኖሩት ሐድዛዎች በቀን የሚያቃጥሉት ጉልበት በሳይንሳዊ ዘዴ ሲለካ፣ የአካል መጠን ታስቦ፣ ቢሮ ተቀምጠው ከሚውሉ ምዕራባውያን ብዙ የማይበልጥ ሆኖ በ2012 ተመዝግቧል። አካል በአንዱ በኩል ያወጣውን በሌላው በኩል የሚቆጥብ ይመስላል። የምግብ ኩባንያዎች የስፖርት ውድድር ስፖንሰር ሆነው «ተንቀሳቀሱ» ሲሉ የሚሰማው ምክር መልካም ነው፤ ዓይናችንን ከጠርሙሱ ይዘት ለማንሳት ሲውል ግን ጥፋት ነው።

የግል ኃላፊነት የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብድ ነው፤ እኔም አልንቀውም። ሰው አፉን የሚከፍተው ራሱ ነው። ለጾምና ለቁጥብነት ትልቅ ክብር በሚሰጥ ሕዝብ ዘንድ ራስን መግዛት ምንም አይደለም ብሎ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን አያውቅም። ግን ኃላፊነት ከምርጫ ጋር ነው የሚሄደው። በልጁ ትምህርት ቤት በር ላይ ያለው ለስላሳ ብቻ ሆኖ ንጹሕ ውሃ ከሌለ፣ እናት በወር ገቢዋ የምትችለው የሚረጋ ዘይትን ብቻ ከሆነ፣ ፓኬቱ ላይ ስንት ስኳር እንዳለ በማይነበብ ጥቃቅን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከተጻፈ፣ ያንን ሰው ተጠያቂ ማድረግ በደልን በተበዳዩ ላይ መጫን ነው። በዚያ ላይ የግል ኃላፊነት የሚለው ማብራሪያ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ይወድቃል። ሜክሲኳውያን በ1988 ጨዋ፣ በ2012 ሆዳም ሆኑ የሚል ሰው ካለ ምክንያቱን ማስረዳት አለበት።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይሆነናል? ከኬንያ ጋር ያለንን ልዩነት እንይ። በ2016 የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች ክብደታቸው ከልክ ያለፈው (ይህ መለኪያ ከውፍረት ዝቅ ካለ ወሰን ይጀምራል) 8 በመቶ ነበሩ፤ በኬንያ በ2014 በተደረገው ተመሳሳይ ዳሰሳ 33 በመቶ ነበሩ። በኬንያ በ2022 ከ20 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 45 በመቶ ደርሰዋል። ይህን ስናይ በእንጀራችንና በሽሯችን የመኩራት ፈተና አለ። ጤፍና ጥራጥሬ ጥሩ ምግብ መሆናቸው እውነት ቢሆንም፣ ለልዩነቱ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። ኬንያ ከእኛ የበለጠ የነፍስ ወከፍ ገቢና ከሕዝቧ አንጻር የበለጠ የከተማ ነዋሪ አላት፤ የሱፐርማርኬት ንግዷም ከእኛ እጅግ ቀድሞ አድጓል። በማዕከላዊ ኬንያ ትናንሽ ከተሞች የተደረጉ ጥናቶች ከሱፐርማርኬት የሚሸምቱ አዋቂዎች ከሌሎቹ ይልቅ ክብደታቸው ከፍ እንደሚል አሳይተዋል፤ የልጆች መቀንጨር ግን ቀንሶ መገኘቱን አብረው ተናግረዋልና ሱፐርማርኬትን በጭፍን መጥላትም አይገባም። የእኛ የችርቻሮ ንግድ ደግሞ እስከ 2024 ለውጭ ባለሀብት በሕግ ዝግ ነበር። ስለዚህ ዝቅተኛው ቁጥራችን የባህላችን ብቻ ሳይሆን የድህነታችንና የተዘጋው ገበያችንም ውጤት ነው። ድህነቱ እንዲቀር የማይመኝ የለም፤ ገበያውም ተከፍቷል። በ2016ቱ ዳሰሳ ውስጥ ራሱ ምልክቱ ነበር፤ በገጠር 4 በመቶ የነበረው ከልክ ያለፈ ክብደት በከተማ 21 በመቶ ነበር። ኬንያ ውስጥ ለመግባት ሞያሌን መሻገር አያስፈልግም፤ ከገጠር ወደ ከተማ መግባት ይበቃል።

ጾማችን ይጠብቀናል የሚል አለ። የኦርቶዶክስ አማኝ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋና ከወተት ይርቃል። ነገር ግን የለስላሳ ጠርሙስ፣ በየኪዮስኩ የተደረደረው ቺፕስ፣ በሚረጋ ዘይት የተጠበሰው ድንችና ብዙው ብስኩት የጾም ናቸው። የጾሙ ሥርዓት ሲደነገግ እነዚህ አልነበሩም፤ ስለዚህም አልከለከላቸውም። የአባቶች ሥርዓት የጠበቀን ከዚያ ዘመን ገበያ ነው፤ ከዚህኛው መጠበቅ የእኛ ሥራ ነው።

«አገር ተርቦ ስለ ውፍረት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚለው ተቃውሞ ደግሞ ከልብ የሚመጣ በመሆኑ በቁም ነገር ልመልሰው። በ2019 ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናቶቻችን 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በትክክል በዚህ ምክንያት ነው ውፍረት የሚያሰጋን። በ1944 እና 1945 ክረምት በኔዘርላንድስ በደረሰው ረሃብ ጊዜ በእናታቸው ማኅፀን የነበሩ ሰዎች ጎልማሳ ሲሆኑ ሰውነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙ ከሌሎቹ አንሶ ተገኝቷል። በችጋር የተቀረጸ አካል በኋላ ጥጋብ ሲመጣለት ለሕመም ይጋለጣል። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤሎች ሲደርሱ የስኳር ሕመም በመካከላቸው ከሞላ ጎደል የማይታወቅ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሕመሙ ተስፋፋባቸው፤ ብዙዎቹንም የያዛቸው ገና ከልክ በላይ ሳይወፍሩ ነው። ደማቸው የኛ ደም ነው፤ የተለወጠው ገበታቸውና ኑሯቸው ነው። ረሃብንና ውፍረትን እንደ ሁለት ተቃራኒ ችግሮች የሚያይ ፖሊሲ ሁለቱንም ያጣል፤ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ተከታትለው ይገኛሉና።

«መንግሥት ማዕድ ቤታችን ምን አገባው?» ለሚለው መልሱ፣ ከገባ ቆይቷል የሚል ነው። ለዓመታት በሸማቾች ማኅበራት በኩል በድጎማ ዋጋ የተከፋፈለውን የሚረጋ ዘይት የመረጠው መንግሥት ነው። ስንዴና ስኳር በምን ያህል ዋጋ እንደሚገቡ፣ የትኛው ፋብሪካ የቀረጥ ዕፎይታ እንደሚያገኝ የሚወስነውም እሱ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ይግባ ወይስ አይግባ ሳይሆን፣ ሲገባ የሰውን ጤና ከሂሳቡ ውስጥ ያስገባል ወይ የሚለው ነው። ታክስ ደሃውን ይጎዳል የሚለው ስጋትም ተገቢ ነው። ሜክሲኮ በ2014 በእያንዳንዱ ሊትር ለስላሳ ላይ አንድ ፔሶ ስትጥል ግዢው በመጀመሪያው ዓመት 5.5 በመቶ፣ በሁለተኛው 9.7 በመቶ ቀነሰ፤ ከሁሉም በላይ የቀነሱት ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ነበሩ። የዕድሜ ልክ የስኳር ሕመም መድኃኒት፣ የኩላሊት እጥበትና የእግር መቆረጥ ለደሃ ቤተሰብ ከአንድ ፔሶ እጅግ የከበዱ ታክሶች ናቸው። እርግጥ በሜክሲኮ የውፍረት ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ አልወረደም፤ አንዴ የገባን ውፍረት ከሕዝብ ላይ ማውጣት የቻለ አገር ማግኘት ከባድ ነው። ይህ ታክሱን ሳይሆን መዘግየትን የሚነቅፍ ማስረጃ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው።

የሚሠራው ነገር የማይታወቅ አይደለም። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጃችን ለስላሳ መጠጦችን ያካትታል፤ ታክሱ በስኳሩ ግራም ልክ ቢመደብ ይበልጥ ይሠራል። ብሪታንያ በ2016 እንዲህ ያለ ታክስ እንደምትጥል ስታስታውቅ፣ በ2018 ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ብዙ አምራቾች ከመጠጦቻቸው ስኳር ቀንሰው ጠበቁ። ቺሊ በ2016 ስኳር፣ ጨው ወይም ስብ በበዛበት ፓኬት ላይ ጥቁር ባለ ስምንት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ አስለጠፈች፤ ምልክቱ የተለጠፈባቸው መጠጦች ግዢ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ በሩብ ያህል ቀነሰ። ሜክሲኮም በ2020 ተከትላታለች። እኛም በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን፣ ማንበብ የማይችልም በሚለየው ምልክት ማድረግ እንችላለን። ማስታወቂያን መገደብ አይቻልም የሚል ካለ፣ በ2019 በወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን መውጣቱን ያስታውስ፤ ሕፃናትን የሚያነጣጥር የጣፋጭ ማስታወቂያም በዚያው መንገድ ሊወጣ ይችላል። በየትምህርት ቤቱ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ማድረስ፣ በበሩ ዙሪያ የሚሸጠውን መወሰን፣ ለአገር ውስጥ የኑግና የሱፍ ዘይት አምራች ድጋፍ መስጠት፣ ሽምብራና ምስር ከብስኩት እንዳይወደዱ የእርሻ ድጎማውን ማዞር፣ ሁሉም ከአቅማችን በላይ አይደሉም።

ከሁሉ በፊት ግን የጊዜው ጉዳይ አለ። ሜክሲኮ የማስጠንቀቂያ ምልክቱን የለጠፈችው ገበያዋን ከከፈተች 26 ዓመት በኋላ፣ ከአዋቂዎቿ ከሦስቱ አንዱ ከልክ በላይ ከወፈረ በኋላ ነው። ኩባንያዎቹ ሥር ሰድደው፣ ሸማቹ ለምዶ፣ ሆስፒታሉ ሞልቶ የሚወጣ ደንብ ብዙ ተቃዋሚና ጥቂት ውጤት ያገኛል። እኛ ገበያውን የከፈትነው ትናንት ነው። ለውጭ ቸርቻሪና ለምግብ ፋብሪካ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ፈቃዱን ሲሰጥ የመለያ ምልክቱንና የሕፃናት ማስታወቂያ ክልከላውን እንደ ግዴታ አብሮ ያስፈርም፤ የሕዝብ እንደራሴዎችም ይህን የሚደነግግ ሕግ በዚህ የሥራ ዘመናቸው ያውጡ። ከጎረቤቶቻችን የምንለይበት ቁጥር ዛሬ በአብዛኛው ያልመረጥነው ነው፤ ነገ የሚኖረን ቁጥር ግን የምንመርጠው ይሆናል፣ ባንመርጥም ሌሎች ይመርጡልናል።